ሃምሳ እባቦች የቀሩባት ደሴት
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ እባብ ነው። እባብ ሲባል የብዙዎቻችን እጅ ቶሎ ወደ ዱላ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ይህን የሚያነብላችሁ ሰውም ከዚህ ስሜት ነጻ ነኝ ለማለት አይደፍርም። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት እርሱን መሰል ሰዎችን አስበው ሳይሆን አይቀርም። በኦሪት ዘፍጥረት ሔዋንን ያሳታት እባብ ነው፤ በአክሱምም ትውፊት ከነገሥታቱ ዘመን በፊት ሕዝቡን ሲያስገብር ኖሮ የተገደለው አርዌ የተባለው ዘንዶ ነው። ስለዚህ እባብን የገደለ ሰው ምስጋና እንጂ ወቀሳ ሲያገኝ አላየንም። እባብን ከጥፋት ለማዳን ባሕር ተሻግሮ የሄደ፣ ገንዘብ ያወጣና ዓመታት የደከመ ሰው አለ ቢባል ግን ነገሩ ለጆሮ እንግዳ ይሆናል። ሆኖም ይህ በእውነት የተደረገ ነገር ስለ ሆነ፣ እንዴት እንደ ተደረገና ለምን እንዳስፈለገ እንደሚከተለው እናስረዳለን። በንግግራችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ የተፈጸመው ከአፍሪካ ማዶ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስና በካሪቢያን ባሕር መገናኛ ላይ በምትገኘው በአንቲጓ ደሴት ነው። አንቲጓ ስፋቷ 280 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነች ትንሽ አገር ስትሆን፣ ከጎረቤቷ ከባርቡዳ ደሴት ጋር አንድ መንግሥት ሆና ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ የወጣችው በ1981 ነው። ዋና ከተማዋም ሴንት ጆንስ ይባላል።

በዚህች ደሴት ከጥንት ጀምሮ የሚኖርና ከእርስዋና በዙሪያዋ ካሉት ትናንሽ ደሴቶች በቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ አንድ የእባብ ዘር አለ። እንግሊዞች በቋንቋቸው «ሬሰር» ወይም ሯጭ ብለው ይጠሩታል። ሴቲቱ አንድ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ወንዱ ከእርስዋ ያንሳል። ወንዱ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ነጣ ያሉ ምልክቶች አሉት፤ ሴቲቱ ደግሞ ወደ ብርማ ግራጫ ታደላለች። ቀን ቀን ከረገፈ ቅጠል ሥር ተደብቆ እንሽላሊት ሲያደባ ይውላል፤ ሌሊት ይሸሸጋል። በሰው ላይ ጉዳት አያደርስም። ሰው ቢይዘው እንኳ ከመንከስ ይልቅ የሚከረፋ ፈሳሽ በመልቀቅ ራሱን ይከላከላል፤ እጁን ደጋግሞ ከመታጠብ በቀር በያዘው ሰው ላይ የሚደርስ መከራ የለም። እንግዲህ ይህን የመሰለ የዋህ ፍጡር ለመጥፋት የደረሰው በምን ምክንያት ነው?

ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ሸንኮራ አገዳ እርሻ መሄድ አለብን። እንግሊዞች አንቲጓን በ1632 ከያዙ በኋላ፣ በተለይም ከ1674 ጀምሮ ኮድሪንግተን የተባለ ባለርስት ሰፊ የሸንኮራ እርሻ ባቋቋመ ጊዜ፣ የደሴቲቱ ጫካ እየተመነጠረ በአገዳ ተሸፈነ። ሥራውን የሚሠሩትም ከአፍሪካ በግፍ ተግዘው የመጡ ባሮች ነበሩ። ከአውሮፓ የሚመጡት መርከቦች ደግሞ ሰውና ዕቃ ብቻ አልነበረም የሚያወርዱት፤ ከየጓዳቸው ጥቁር አይጥም ይወርድ ነበር። አይጥ ሸንኮራ አገዳን ከሥሩ እየቦጨቀ ያበላሻል። የአይጥ ጠላት የሆነ ሌላ አውሬ ባልነበረበት አገር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተባዝቶ እርሻውን ወረረው። ባለርስቶቹም ወጥመድ አጠመዱ፣ መርዝ ረጩ፣ ውሻ አሰማሩ፤ የሚበጅ ግን አልተገኘም።

በ1872 ኤስፒዩት የተባለ በጃማይካ የሚኖር የሸንኮራ እርሻ ባለቤት አንድ ብልሃት አገኘሁ አለ። እኛ ሙጭልጭላ ከምንለው አውሬ ወገን የሆነ፣ በሕንድ አገር አይጥና እባብ በማደን የታወቀ ትንሽ አውሬ አለ። ኤስፒዩት ከዚህ አውሬ አራት ወንድና አምስት ሴት፣ በድምሩ ዘጠኝ አስመጥቶ በእርሻው ላይ ለቀቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአይጥ ጉዳት የቀነሰ መሰለ። ወሬው በደሴቶቹ ሁሉ ተሰማና እያንዳንዱ ባለርስት ለራሱም እንዲደርሰው ፈለገ። በዚህ ዓይነት የዘጠኙ አውሬዎች ዘር ከደሴት ወደ ደሴት እየተጫነ ተሰራጨ፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይም አንቲጓ ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ተረስታ ነበር። ሙጭልጭላ የሚያድነው በቀን ነው፤ አይጥ የሚወጣው በሌሊት ነው። ከዚህም በላይ ጥቁር አይጥ ዛፍ መውጣት ያውቃል፤ ሙጭልጭላ ግን የምድር አውሬ ነው። ሁለቱ በአንድ እርሻ ላይ እየኖሩ፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው እየተነሣ፣ ብዙም ሳይገናኙ መኖርን ለመዱ። በቀን ምድር ለምድር የሚሄደው፣ ለሙጭልጭላ የተመቸው ማን ነበር? ያ የዋህ እባብ ነበር። በሕንድ አገር የሚኖሩ እባቦች ከዚህ አውሬ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት ስለ ኖሩ መሸሽንም መከላከልንም ያውቃሉ፤ የአንቲጓው እባብ ግን እንዲህ ያለ ጠላት አይቶ አያውቅም። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ብንናገር፣ ጉዳዩን የሚያጠና ሰው ሳይመደብ ትእዛዙ ተፈርሞ ወጣ ማለት ነው። ሁለቱ አውሬዎች በስንት ሰዓት ወጥተው በስንት ሰዓት እንደሚገቡ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የአገዳው እርሻ ዛሬ የለም፤ ሙጭልጭላው ግን እስከ ዛሬ በአንቲጓ ምድር ይሮጣል።

በዚህ ሁኔታ ጥቂት አሥር ዓመታት ካለፉ በኋላ እባቡ በዋናው ደሴት ላይ ፈጽሞ ታጣ። ሊቃውንትም ከምድረ ገጽ ጠፍቷል ብለው እስከ መቍጠር ደረሱ። ነገር ግን ከአንቲጓ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከባሕሩ ዳር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቃ ግሬት በርድ የምትባል፣ ትርጓሜዋም ታላቁ ወፍ የሆነ አንዲት ኢምንት ደሴት አለች። ሰው አይኖርባትም፤ ስፋቷም ከ10 ሄክታር አይበልጥም። ሙጭልጭላ ባሕሩን ሊሻገር አልቻለም፤ በጀልባ የወሰደለትም ሰው አልነበረም። እባቡ ከዘመዶቹ ሁሉ ተለይቶ በዚያች ቋጥኝ ላይ ተርፎ ተገኘ።

በ1995 በለንደን ከተመሠረተ ብዙ ዘመን የሆነው፣ በዚያን ጊዜ ፋውና ኤንድ ፍሎራ ኢንተርናሽናል ይባል የነበረው የአራዊት ጥበቃ ማኅበር ባለሙያዎች፣ ከአንቲጓ የደን ክፍልና ከአገሩ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ጋር ሆነው በዚያች ደሴት ያሉትን እባቦች ቈጠሩ። የተገኘውም ቍጥር 50 ገደማ ነበር። በዓለም ሁሉ ከዚህ ዘር የቀሩት እነዚሁ ናቸው ማለት ነው፤ አንድ መካከለኛ ክፍል ተማሪ ቤት ውስጥ ከሚቀመጡት ልጆች ቍጥር የሚበልጥ አይደለም።

አድማጮቻችን፣ ከቅጠል ሥር የሚደበቅ እባብ እንዴት ይቈጠራል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ዘዴው ቀላል ሲሆን በሌላም ሥራ ላይ የሚያገለግል ስለ ሆነ ቢታወቅ አይጠላም። ለምሳሌ በመጀመሪያው ዙር ሃያ እባቦች ተይዘው ምልክት ተደርጎባቸው ይለቀቃሉ እንበል። ከጥቂት ቀን በኋላ በሁለተኛው ዙር እንደገና ሃያ ይያዙና ከእነዚህ ውስጥ ምልክት ያለባቸው አሥር ሆነው ይገኛሉ። በሁለተኛው ዙር ከተያዙት ግማሾቹ ምልክት ካላቸው፣ በደሴቲቱ ካሉት ሁሉ ግማሾቹ ምልክት አላቸው ማለት ነው፤ ምልክት የተደረገባቸው ሃያ ስለ ሆኑ ጠቅላላው አርባ ይሆናል። ምልክቱም የሩዝ ፍሬ በምታህል መሣሪያ የሚደረግ ነው፤ ከቆዳ ሥር ትገባና ማንበቢያ መሣሪያ ሲቀርብላት የእባቡን ቍጥር ትናገራለች። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ እባብ እንደ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ፋይል ሊኖረው ቻለ።

ባለሙያዎቹ እባቦቹን አንድ በአንድ ሲመረምሩ የብዙዎቹ ጅራት የተቈረጠና ገላቸው የጠባሳ ምልክት ያለበት ሆኖ አገኙት። ሙጭልጭላ በሌለበት ደሴት ይህን የሚያደርገው ማን ነው? ያው የጥንቱ አይጥ ነበር። አይጥ በጀልባ ተደብቆ ከመግባቱም በላይ ዋናተኛ ስለ ሆነ ግሬት በርድንም ወርሯት ነበር፤ የእባቡን እንቍላል ይበላል፣ የተኛውንም እባብ ይነክሳል። እባቡ እንሽላሊት እንጂ አይጥን የሚቋቋም አውሬ አይደለም። በጉዳዩ ውስጥ ሰፊ ድርሻ ካላቸው ባለሙያዎች አንዷ የሆኑት እንግሊዛዊቷ ዶክተር ጄኒ ዳልትሪና ባልደረቦቻቸው፣ ያ የቀረው ዘር እንዲድን ከተፈለገ መጀመሪያ አይጡ ከደሴቲቱ መጥፋት እንዳለበት ተረዱ።

በ1995 መጨረሻ ላይ ሥራው ተጀመረ። አይጥን ከቤት ማባረር የሞከረ ሁሉ እንደሚያውቀው አይጥ ተጠራጣሪ ፍጡር ነው። አዲስ ምግብ ሲያይ ጥቂት ቀምሶ ይጠብቃል፤ ሕመም ከተሰማው ዳግመኛ አይነካውም። ስለዚህ የተመረጠው መርዝ ደምን እንዳይረጋ የሚያደርግና ጉዳቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ብቻ የሚታይ ነበር። አይጡ ሞቱን ከየትኛው ምግብ እንዳገኘ ሳያውቅ ይበላዋል። መርዙ የተዘጋጀው አይጥ በሚወድደው መብል ሲሆን፣ ሕይወት ያለው ነገር እያደነ ለሚበላው እባብ የሚያጓጓ አልነበረም።

ከመርዙ ይበልጥ አስቸጋሪ የነበረው አደላደሉ ነው። በደሴቲቱ ላይ ማንኛውም አይጥ በሚዘዋወርበት ክልል ውስጥ ቢያንስ አንድ የመርዝ ማስቀመጫ እንዲያገኝ፣ ቋጥኙም ገደሉም ቍጥቋጦውም ሳይቀር በተመጠነ ርቀት ተከፋፍሎ መቀመጥ ነበረበት። ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ መሥራት እዚህ ላይ ምንም አይጠቅምም። ሴት አይጥ በሦስት ሳምንት አርግዛ ስለምትወልድ፣ ያረገዘች አንዲት ብቻ ብታመልጥ የሥራው ድካም ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ከንቱ ይሆናል። ብዙ ሥራ «አብዛኛው ተጠናቋል» ተብሎ ሪፖርት በሚቀርብበት ዓለም፣ እንደዚህ ያለው «ሁሉም ወይም ምንም» የሆነ ተግባር የሚጠይቀው ጥንቃቄ ሊደነቅ የሚገባው ነው።

ሥራው ተሳካ። አይጡ ከጠፋ በኋላ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የእባቡ ቍጥር በእጥፍ ገደማ አደገ። በደሴቲቱ ላይ ጎጆ የሚሠሩ የባሕር ወፎችም እንቍላላቸው መበላቱ ስለ ቀረ ያለ ስጋት ጫጩት ማሳደግ ጀመሩ። ለእባብ ተብሎ የተሠራው ሥራ ለወፍ ሲሳይ ሆነ።

ነገር ግን አሁን ሌላ ችግር ብቅ አለ። አሥር ሄክታር መሬት ስንት እባብ ይቀልባል? ባለሙያዎቹ ሲያሰሉት ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ። እንሽላሊቱ ውስን ነው፤ ደሴቲቱ ሞልታለች። ከዚህም የከፋው ነገር ነፋስ ነው። በ1995 መስከረም ወር ሉዊስ የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ አንቲጓን መትቷት ነበር፤ በ1998 ደግሞ ጆርጅ የተባለው ተከተለ። እንዲህ ያለ ነፋስ በሚመጣበት ጊዜ የባሕሩ ውኃ በዝቅተኛው መሬት ላይ ይወጣል፤ እባቦችም በውኃ ይወሰዳሉ። እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ ያከማቸ ገበሬ ጎተራው በተቃጠለ ቀን የሚዘራውም ያጣል። የአንቲጓው እባብ ጎተራ አንድ ብቻ ነበር።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ወደ እንስሳት ማራቢያ ቦታ ወስዶ ማራባት አይሻልም ነበርን?» ሊል ይችላል። ይህም ተሞክሯል። በ1996 ጥቂት እባቦች፣ ጄራልድ ዳሬል የተባለው እንግሊዛዊ በ1959 ወዳቋቋመው የጀርሲ ደሴት የእንስሳት ማራቢያ ተወሰዱ። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች በሥራቸው የተመሰገኑ ናቸው። ሆኖም ይህ እባብ በሣጥን ውስጥ መኖር አልተስማማውም፤ የሚፈለፈሉት ግልገሎች ለመመገብ አስቸገሩ፤ ሕመምም ገባባቸው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቅ ዋጋ ያለው ትምህርት የተገኘው ከዚህ ካልተሳካው ሙከራ ነው። የእባቡ መዳኛ በተወለደበት ሜዳ ላይ መሆኑ ታወቀ፤ ገንዘቡና ድካሙም ሁሉ ወደዚያ ዞረ።

ስለዚህ በአቅራቢያው ያሉት ሌሎች ደሴቶች ተጠኑ። በመጀመሪያ አይጡ ከእነርሱ እንዲጠፋ ተደረገ። የእባቡ ምግብ የሆነው እንሽላሊት በበቂ መኖሩ ተረጋገጠ። ከዚያም ከግሬት በርድ ጥቂት ጥቂት እባቦች እየተወሰዱ በ1999 ራቢት በተባለችው ደሴት፣ በ2001 ግሪን በተባለችው፣ በ2008 ደግሞ ዮርክ በተባለችው ላይ ተለቀቁ። በአዲሱ ስፍራቸውም ወለዱ፣ ተባዙም። ከሃያ ዓመት ጥረት በኋላ፣ በ1995 ሃምሳ ገደማ የነበረው ቍጥር ከ1,000 በላይ ደረሰ። ይሁን እንጂ እባቡ አሁንም በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት እንስሳት ተርታ መመዝገቡን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ አራት ትናንሽ ደሴቶች አራት ትናንሽ ጎተራዎች ናቸውና።

እስካሁን ስለ አይጥና ስለ መርዝ ተናገርን። ከሁሉ አስቸጋሪው ሥራ ግን በሰው ልብ ውስጥ የተሠራው ነበር። የአንቲጓ ሰዎች እንደ እኛው እባብን ይጠላሉ፤ ከዚህ በፊት ያገኘው ሁሉ ይገድለው ነበር። ብዙዎቹም በአገራቸው እንዲህ ያለ፣ በሌላ ዓለም የማይገኝ ፍጡር መኖሩን ከቶ ሰምተው አያውቁም። ግሬት በርድ ደግሞ ውብ የአሸዋ ዳርቻ ስላላት በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠሩ አገር ጎብኚዎች በጀልባ ይወርዱባታል። ከጎብኚው አንዱ በእባቡ ደንግጦ ቢረግጠው፣ ወይም ከጀልባው ጓዝ አንድ አይጥ ቢወርድ፣ የዓመታት ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይፈርሳል።

ስለዚህ የአገሩ ማኅበር የተማሪ ቤት ልጆችን በጀልባ እየጫነ ወደ ደሴቲቱ መውሰድ ጀመረ። ልጆቹ እባቡን በዓይናቸው አዩ፤ የደፈሩትም በእጃቸው ያዙ፤ ያ የሚከረፋው ፈሳሽ የደረሳቸውም አልጠፉም። ማታ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ለአባትና ለእናታቸው የነገሩት ነገር ከማንኛውም የግድግዳ ማስታወቂያ ይልቅ ሥራ ሠርቷል ብለን ብናምን የተሳሳትን አይመስለንም። የጀልባ ነጂዎችና ዓሣ አጥማጆችም ጓዛቸውን እንዲፈትሹ፣ አዲስ የአይጥ ምልክት ሲያዩ ወሬ እንዲያቀብሉ ተመከሩ። ቀድሞ የሚያሳፍር ይመስል የነበረው እባብ የአገሩ መመኪያ ወደ መሆን ተቃረበ።

«ሰው በችግር ላይ እያለ ለእባብ መድከም ምን ይረባል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። የምንሰጠው መልስ ግን አጭር ነው። አይጥ ከደሴቶቹ በመጥፋቱ የተጠቀመው እባቡ ብቻ አይደለም፤ የባሕር ወፎች፣ ርግቦች፣ እንሽላሊቶችና የዛፍ ዘሮች ሁሉ ተጠቅመዋል። አንቲጓ ደግሞ ሸንኮራው ከቀረ ወዲህ የምትተዳደረው በአብዛኛው በጎብኚ ገንዘብ ነው፤ ጎብኚ የሚመጣውም አይጥ የወረረው ባዶ ቋጥኝ ለማየት አይደለም። ከዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ፣ በዚያ አገር ብቻ የተፈጠረን ፍጡር ሰው በራሱ ስሕተት ካጠፋው በኋላ በየትኛውም ገንዘብ መልሶ ሊገዛው አይችልም።

ይህም ባዶ ንግግር እንዳልሆነ የሕንድ ውቅያኖስ ታሪክ ይመሰክራል። በሞሪሸስ አቅራቢያ ራውንድ የተባለች ትንሽ ደሴት አለች። መርከበኞች የለቀቁባቸው ፍየልና ጥንቸል የደሴቲቱን ዛፍና ሣር ስለ በሉት አፈሩ ታጥቦ ወደ ባሕር ገባ። በዚያች ደሴት ብቻ ይኖሩ ከነበሩት ሁለት የእባብ ዘሮች መካከል መሬት ውስጥ የሚኖረው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1975 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላገኘውም። ፍየሎቹ በ1979፣ ጥንቸሎቹም በ1986 ከደሴቲቱ ተወገዱ፤ ሁለተኛው እባብም በዚህ ምክንያት ተረፈ። በሁለቱ ዘሮች ዕጣ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር።

ከአንቲጓ በስተደቡብ ባለችው በሴንት ሉሲያ ደሴትም ያው ሙጭልጭላ ገብቶ በዚያ የሚኖረውን አንድ የእባብ ዘር አጥፍቶት ነበር። በ1936 ፈጽሞ ጠፍቷል ተባለ፤ በ1973 ግን ማሪያ በተባለች አነስተኛ ደሴት ላይ አንድ ተገኘ። ከ2011 ጀምሮ እዚያ በተደረገው ፍለጋ የቀሩት ሃያ እንኳ የማይሞሉ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተገመተ። የዓለም ብርቅ እባብ የሚለው የሚያሳዝን ማዕረግም ከአንቲጓው ወደዚህኛው ተላለፈ።

በአገራችንም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ምድር የማይገኙ እባቦች እንዳሉ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በደቡብ ምዕራብ በኢሉባቦር ጫካ የተገኘውን የደጋ እፉኝት በ1977 ለሊቃውንት ያስተዋወቀው በሜ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ነው። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ዘመዱ ደግሞ ራሱን የቻለ ዘር መሆኑ ታውቆ ከሐረና ጫካ ስም ስም የወጣለት በ2016 ብቻ ነው። እነዚህ ሁለቱ እንደ አንቲጓው የዋሆች አይደሉም፤ መርዘኞች ናቸውና ማንም ሰው ልያዛቸው ብሎ እንዳይሞክር አደራ እንላለን። ጠላታቸውም አይጥ ወይም ሙጭልጭላ ሳይሆን የሚኖሩበትን ጫካ የሚመነጥረው መጥረቢያ ነው። ስለዚህ የአንቲጓን መድኃኒት እንዳለ ገልብጦ ወደ ባሌ ማምጣት አይቻልም፤ ኤስፒዩትም የተሳሳተው ለሕንድ አገር የሚስማማው ለጃማይካም ይስማማል ብሎ ነበር። ማወቅ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ስንት እንደ ሆኑና የት የት እንደሚኖሩ ነው፤ ያ ደግሞ ከቆጠራ ይጀምራል።

ወደ ግሬት በርድ ስንመለስ፣ አይጥ በዋናም በጀልባም መሻገሩን ስለማይተው በደሴቶቹ ላይ ሥራው ተፈጸመ የሚባልበት ቀን የለም። ጠባቂዎቹ በትንሽ ጀልባ ከደሴት ወደ ደሴት እየተዘዋወሩ በየስፍራው ያስቀመጡትን፣ አይጥ የሚወድደው ሽታ ያለው የሰም ቍራጭ ያነሣሉ። የሰሙን ዙሪያ በጣታቸው እየዳሰሱ የጥርስ ምልክት እንዳለበትና እንደሌለበት ይመለከታሉ፤ ከሌለበት መልሰው በስፍራው አኑረውት ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።